ምሶሶ የሌለው ጣሪያ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ባለፈው እትም ስለ ባለ ጉልላት ስታዲየሞች ያላችሁን ጥያቄ እንድትልኩልን ጋብዘናችሁ ነበር። ከጎጃም ልዩ ልዩ ከተሞች የደረሱን ደብዳቤዎች በቁጥርም በጥልቀትም ስለበለጡ የዛሬውን ዓምድ ለእነርሱ ሰጥተነዋል። የውጭ አገር ሥራዎች የተጠቀሱባቸው ዓመታት እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ሲሆኑ፣ የአገራችን ጉዳዮች በዓመተ ምሕረት ተጽፈዋል።

ጥያቄ፦ በደብረ ማርቆስ የሕንፃ ግንባታ ተማሪ ነኝ። በቴሌቪዥን በማያቸው ባለ ጉልላት ስታዲየሞች ውስጥ አንድም ምሶሶ በሜዳው ላይ ቆሞ አላየሁም። ሁለት መቶ ሜትር የሚሰፋ ጣሪያ ያለ ምሶሶ እንዴት ይቆማል? ተገጣጥሞ እስኪያልቅ ድረስስ ምን ይዞት ይቆያል?

መልስ፦ ጠፍጣፋ ጣሪያ በሁለት ግድግዳዎች ላይ ሲጋደም ክብደቱ መካከሉን ወደ ታች ያጎብጠዋል። ስፋቱ እጥፍ ሲሆን ጉብጠቱ ከእጥፍ በብዙ ስለሚበልጥ፣ አንድ ደረጃ ላይ ሲደርስ የራሱን ክብደት እንኳ መሸከም ያቅተዋል። ጉልላት ከዚህ ችግር የሚያመልጠው በቅርጹ ነው። በአናቱ ላይ ያረፈው ክብደት ኩርባውን ተከትሎ በሁሉም አቅጣጫ ወደ ዳር ስለሚወርድ፣ የጉልላቱ አካል በአብዛኛው ይጨመቃል እንጂ አይጎብጥም፤ ብረትም ሆነ አርማታ ደግሞ መጨመቅን በሚገባ ይችላል። ዋናው ጭንቅ ያለው ከታች ነው። ወደ ዳር የወረደው ጭነት ወደ መሬት ብቻ ሳይሆን ወደ ውጭም ስለሚገፋ፣ የጉልላቱ እግሮች እንዳይንሸራተቱ ዙሪያውን የሚያስራቸው ጠንካራ ቀለበት ያስፈልጋል። ጉልላቱ ሲጨመቅ ይህ ቀለበት ይወጠራል፤ የሁለቱ ኃይሎች መመጣጠን ነው ጣሪያውን የሚያቆመው።

ይህን ለማየት ከደብረ ማርቆስ ብዙ መራቅ አያስፈልግዎትም። የጎጆ ቤት ክዳን ሲሠራ ወራጆቹ ከአናት ተገናኝተው ወደ ዳር ይዘረጋሉ፤ ዙሪያውን በልጥ የሚታሰሩት ማገሮች ባይኖሩ፣ ሣሩ ተከምሮባቸው ዝናብም ሲያከብደው ወራጆቹ ወደ ውጭ በተበረገዱ ነበር። የስታዲየሙ የብረት ቀለበት የማገሩን ሥራ ይሠራል። በጣና ዳርና በዘጌ የሚገኙት ክብ አብያተ ክርስቲያናት ግን ሌላ መፍትሔ የተከተሉ ናቸው፤ ጣሪያቸው ከመካከል በመቅደሱ ግድግዳ፣ ቀጥሎም በቅድስቱና በቅኔ ማኅሌቱ ዙሪያ ስለሚደገፍ እያንዳንዱ እንጨት የሚሻገረው ርቀት አጭር ነው። ስታዲየም ይህን መንገድ መከተል አይችልም፣ ድጋፉ የሚያርፍበት ቦታ መጫወቻ ሜዳው ራሱ ነውና።

በጥንት ሮማውያን የተሠራውና እስከ ዛሬ የቆመው የፓንቴዮን የኮንክሪት ጉልላት 43 ሜትር ያህል ይሰፋል፤ ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ በስፋት የሚበልጠው ጉልላት አልተገነባም ነበር። በአሜሪካ በሂውስተን ከተማ እ.ኤ.አ. በ1965 የተከፈተው አስትሮዶም ግን 196 ሜትር ገደማ ተሻገረ፤ ከሜዳው እስከ አናቱ ያለው ከፍታም 63 ሜትር ይደርሳል። እንዲህ ላለ ርቀት ድፍን ጣሪያ ክብደቱ ስለማይቻል፣ መሐንዲሶቹ እርስ በርሳቸው የሚሻገሩ ቀላል የብረት ማዕቀፎችን በመረብ መልክ አያይዘው ሠሩት። በዚህ መረብ ውስጥ አንዱ ብረት ቢዳከም ጭነቱን ጎረቤቶቹ ይካፈሉታል።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄዎ ስንመለስ፣ ጉልላት የሚጸናው ቀለበቱ ሲዘጋና አናቱ ሲገጠም ስለሆነ፣ እስከዚያ ድረስ እያንዳንዱ ክፍል ጊዜያዊ ድጋፍ ይፈልጋል። በአስትሮዶም ግንባታ ከሜዳው ላይ ረጃጅም የብረት ማማዎች ተተክለው ነበር። የጣሪያው ክፍሎች በክሬን እየተነሡ በማማዎቹ ላይ አርፈው ተገጣጠሙ፤ በመጨረሻም በማማዎቹ ራስ ላይ ያሉት ክሪኮች በጥቂት በጥቂቱ ዝቅ እየተደረጉ ክብደቱ ከማማዎቹ ወደ ጉልላቱ ተላለፈ። ከመላው ግንባታ እጅግ ጥንቃቄ የሚጠይቀው ሰዓት ይህ ይመስለኛል፣ ምክንያቱም በወረቀት ላይ የተሰላው ሁሉ እውነት መሆን አለመሆኑ የሚታወቀው ያን ጊዜ ነው። ጣሪያው ጥቂት ዝቅ ማለቱ አይቀርም፤ ዝቅ ያለው አስቀድሞ በተሰላው ልክ መሆኑ በመለኪያ ይረጋገጣል።

ተማሪ እንደ መሆንዎ ስለ ሙቀትም ልጨምርልዎ። 200 ሜትር ርዝመት ያለው ብረት ሙቀቱ በ30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቢጨምር 7 ሴንቲ ሜትር ያህል ይረዝማል። ቀለበቱን ዙሪያውን ከሥሩ ከሚሸከሙት ምሶሶዎች ጋር በግትርነት ያሰረ መሐንዲስ ቀን በፀሐይ፣ ሌሊት በብርድ ምሶሶዎቹን ሲገፋና ሲስብ የሚኖር ጣሪያ ሠራ ማለት ነው። ስለዚህ ቀለበቱ የሚያርፍባቸው መገጣጠሚያዎች ወደ ውጭና ወደ ውስጥ ጥቂት እንዲላወሱ ተደርገው ይሠራሉ።

አንድ የውድቀት ታሪክም ቢያውቁ ይጠቅምዎታል። በአሜሪካ በሃርትፎርድ ከተማ የነበረ የስፖርት አዳራሽ ጣሪያ እ.ኤ.አ. በጥር ወር 1978 ሌሊት በበረዶ ክብደት ተደረመሰ፤ ከጥቂት ሰዓታት በፊት አምስት ሺህ ያህል ሰዎች በውስጡ የቅርጫት ኳስ ይመለከቱ ነበር። ያ ጣሪያ ጉልላት ሳይሆን ጠፍጣፋ የብረት መረብ ነበር። ገና ሲገነባ ጣሪያው ከተሰላው እጥፍ ያህል መጉበጡ ተለክቶ ነበር፤ ነገር ግን የኮምፒውተሩ ስሌት ታምኖ የመለኪያው ምስክርነት ቸል ተባለ። እርስዎ ነገ በሥራ ቦታ ሲቆሙ የለኩት ከተሰላው ከራቀ፣ ምክንያቱ እስኪታወቅ ሥራው እንዲቆም ሳይፈሩ ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ የባሕር ዳር ከነማ ደጋፊ ነኝ። የባሕር ዳር ስታዲየም ሲገነባ ለምን በጉልላት አልተሸፈነም? እንደ ውጭዎቹ ተሸፍኖ ቢሆን ኖሮ ካፍ (የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን) ባልከለከለው ነበር የሚሉ ጓደኞች አሉኝ። እውነት ነው?

መልስ፦ ጓደኞችዎ የሚሉት ልክ አይመስለኝም። 52,000 ተመልካች እንዲይዝ ታቅዶ በሚድሮክ የተገነባው የባሕር ዳር ስታዲየም፣ በሰኔ 2007 ዓ.ም. ብሔራዊ ቡድናችን ሌሶቶን 2 ለ 1፣ በኅዳር 2012 ዓ.ም. ደግሞ ኮትዲቯርን በተመሳሳይ ውጤት ያሸነፈበት ሜዳ ነው። በ2014 ዓ.ም. ካፍ ዓለም አቀፍ ጨዋታ እንዳይካሄድበት ካገደው በኋላ ብሔራዊ ቡድኑ የሜዳውን ጨዋታዎች በሰው አገር ለማድረግ ተገደደ፤ በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ ግብፅን 2 ለ 0 ያሸነፈውም በማላዊ ሊሎንግዌ ነበር። ያን ድል በገዛ ሜዳችን ሳናየው መቅረታችን ዛሬም ያሳዝነኛል። ይሁን እንጂ ካፍ ከአንድ ስታዲየም የሚጠይቀው የሜዳውን ጥራት፣ የተመልካቹን መቀመጫ፣ የሌሊት መብራቱን፣ የመልበሻ ክፍሎቹን፣ የሕክምናና የመገናኛ ብዙኃን ክፍሎቹን፣ የመግቢያና የመውጫ በሮቹን የሚመለከት ነው። ሜዳውን በሙሉ የሚሸፍን ጣሪያ ግዴታ ሆኖ አያውቅም፤ ከዓለም ታላላቅ የእግር ኳስ ስታዲየሞች የሚበዙትም ሜዳቸው ሰማይ የሚያይ ነው።

ጉልላት የተፈለሰፈው ለተወሰነ ችግር ነው። በሂውስተን የበጋው ወበቅ፣ ዝናቡና የወባ ትንኙ ዓይነት ተናካሽ ነፍሳት ተመልካቹን ያማርሩ ነበር፤ በሚኒያፖሊስ የክረምቱ በረዶ ሜዳውን ይቀብር ነበር፤ በቶኪዮ የቤዝቦል ጨዋታ በዝናብ ምክንያት ደጋግሞ ይሰረዝ ነበር። በባሕር ዳር በዓመት 1,400 ሚሊ ሜትር ያህል ዝናብ ይወርዳል፤ ነገር ግን አብዛኛው የሚወርደው ከሰኔ አጋማሽ እስከ መስከረም፣ የሊጉ ውድድር በአብዛኛው በተጠናቀቀበት ወቅት ነው። በውድድሩ ወራት ደጋፊውን የሚፈትነው የበጋው ፀሐይ ነው። ለፀሐይና በሚያዝያና በግንቦት ድንገት ለሚጥል ዝናብ ደግሞ ከመቀመጫዎቹ በላይ ብቻ የሚዘረጋ ጥላ ይበቃል። የአዲስ አበባ ስታዲየም ደጋፊ ጥላ ፎቅ የሚለው ዓይነት ጣሪያ ዙሪያውን ቢዞር የደጋፊው ችግር ይቃለላል፣ ሜዳውም ፀሐዩን አያጣም።

የፀሐዩ ነገር ቀላል አይደለም። አስትሮዶም ሲከፈት ሜዳው ላይ እውነተኛ ሣር ነበር፤ ለሣሩ ብርሃን እንዲገባም ጣሪያው ላይ 4,596 ብርሃን አስተላላፊ መስኮቶች ተገጥመው ነበር። ጨዋታው ሲጀመር ግን ከጣሪያው የሚመጣው ብልጭታ ተጫዋቾቹን ወደ ላይ የተመታችውን ኳስ እንዳያዩ ጋረዳቸው። ብልጭታውን ለማጥፋት መስኮቶቹ በቀለም ሲሸፈኑ ሣሩ ሞተ፤ በቀጣዩ ዓመት በ1966 በቦታው ሰው ሠራሽ ሣር ተነጠፈ። ዛሬ በከተሞቻችን ትናንሽ ሜዳዎች ላይ ሳይቀር የምናየው ሰው ሠራሽ ሣር በዓለም የታወቀው በዚያ ችግር ምክንያት ነው።

ከዚያ ወዲህ የተሠሩት ሁሉ ከዚሁ ጥያቄ ጋር ሲታገሉ ቆይተዋል። በጃፓን የሳፖሮ ዶም ገንቢዎች እ.ኤ.አ. በ2001 የሄዱበት መንገድ በጣም ያስደንቃል። እውነተኛ ሣር የለበሰው 8,300 ቶን የሚመዝን ሜዳ ውጭ በፀሐይ ላይ ያድጋል፤ ጨዋታ ሲኖር ከሥሩ በሚነፋ አየር ክብደቱ ተቀልሎለት በመንኮራኩር እየተገፋ ወደ ጉልላቱ ውስጥ ይገባል። በኒውዚላንድ በደኒደን ከተማ በ2011 የተከፈተው ስታዲየም ደግሞ፣ ቅርጹ ጉልላት ባይሆንም፣ ኢቲኤፍኢ በሚባል ብርሃን በሚያሳልፍ ስስ ፕላስቲክ ተሸፍኖ እውነተኛ ሣር ከጣሪያ ሥር እንዲያድግ ማድረግ ችሏል። ሲንጋፖር ግን በ2014 ብሔራዊ ስታዲየሟን ስትከፍት ሣሩ በሚገባ አልያዘም ነበር፤ ሜዳው አሸዋማ ሆኖ ከተጫዋቾችና ከአሠልጣኞች ወቀሳ ካስከተለ በኋላ የሣሩ ዓይነት ተለወጠ። ያ አገር ለስታዲየሙ ያወጣው ገንዘብ እጅግ ብዙ መሆኑን ሲያስቡ፣ ለእኛ ይህ ምን ያህል ሸክም እንደሚሆን ይገምቱ።

ሌላው የሙቀት ጉዳይ ነው። አንድ ሰው ተቀምጦ ሲመለከት ከሰውነቱ 100 ዋት ያህል ሙቀት ይወጣል። 52,000 ሰው ሲሰበሰብ 5.2 ሜጋ ዋት ይሆናል፤ ዘሎና ጨፍሮ የሚደግፍ ሕዝብማ ከዚህም ያልፋል። ክፍት ስታዲየም ውስጥ ይህን ሙቀት ከጣና የሚመጣው ነፋስ በነፃ ይወስደዋል፤ በተዘጋ ጉልላት ውስጥ ግን በኤሌክትሪክ ኃይል በሚሠሩ ማራገቢያዎችና ማቀዝቀዣዎች መውጣት አለበት።

ስለዚህ የባሕር ዳርን ስታዲየም የሚወድ ሰው ሊጠይቅ የሚገባው ጥሩ የሜዳ ውሃ ማስወገጃ፣ ሙሉ መቀመጫ፣ በቂ መብራት፣ በዙሪያው የሚዘረጋ ጥላና ለእነዚህ ሁሉ በየዓመቱ የሚመደብ የጥገና ገንዘብ ነው። ባለቤት ያለው ጥገና ከጉልላት ይልቅ ወደ ዓለም አቀፍ ውድድር ያቀርበናል ብዬ በጽኑ አምናለሁ።

ጥያቄ፦ ከፍኖተ ሰላም ነው የምጽፍላችሁ። ጣሪያውን አየር ብቻ የሚይዘው ስታዲየም አለ ሲባል ሰምቻለሁ። እንዴት ሊሆን ይችላል? መብራት ቢጠፋስ?

መልስ፦ አለ። በ1988 የተከፈተው የቶኪዮ ዶም ጣሪያ በብረት ገመዶች የተጠናከረ ልዩ ጨርቅ ሲሆን፣ ከሥሩ በማራገቢያዎች በሚገፋ አየር ተነፍቶ ይቆማል። በውስጥና በውጭ መካከል ያለው የግፊት ልዩነት 0.3 ከመቶ ያህል ብቻ ነው፤ በውስጡ የተቀመጠ ሰው ምንም አይሰማውም። ነገር ግን ይህ ትንሽ ልዩነት በእያንዳንዱ ካሬ ሜትር ጨርቅ ላይ 30 ኪሎ ግራም ያህል ወደ ላይ ይገፋል፤ ጨርቁና ገመዶቹ ከዚህ በታች ስለሚመዝኑ ጣሪያው ይንሳፈፋል። አየሩ እንዳያመልጥም ሰው የሚገባውና የሚወጣው በተሽከርካሪ በሮች ነው።

መብራት ሲጠፋ መጠባበቂያ ጄኔሬተሮች ሥራውን ይረከባሉ። እነርሱም ቢያቅታቸው ጣሪያው በአንድ ጊዜ አይወድቅም፤ ቀስ ብሎ እየተነፈሰ ወደ ታች ይረግባል፤ ገመዶቹም ከተመልካቹ ራስ በላይ ተንጠልጥለው እንዲቀሩ ተደርገው ይለካሉ።

የዚህ አሠራር ትልቁ ጠላት የተከመረ በረዶ ነው። በሚኒያፖሊስ የነበረው ሜትሮዶም በ1982 ተከፍቶ ጣሪያው በልዩ ልዩ ጊዜያት ከረገበ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 12 ቀን 2010 ከ40 ሴንቲ ሜትር በላይ በረዶ ተከምሮበት ተቀደደ። ነፋሱ ስለበረታ በረዶውን የሚጠርጉት ሠራተኞች ጣሪያው ላይ መቆየት አልቻሉም ነበር። ሰው ግን አልተጎዳም። ትኩስ በረዶ በ40 ሴንቲ ሜትር ውፍረት በካሬ ሜትር 40 ኪሎ ግራም ሊመዝን እንደሚችል ካሰቡ፣ ከላይ ከጠቀስነው የ30 ኪሎ ግፊት ጋር ሲያነጻጽሩት ምክንያቱ ግልጽ ይሆናል። በእኛ አገር ከዝናብ ጋር የሚወርደው በረዶ ቶሎ ቢቀልጥም፣ በጮቄ ተራራ ዙሪያ የሚኖር ሰው ማሳው ነጭ እስኪሆን የሚከመርበትን ቀን ያውቃል፤ በጨርቁ ጎድጓዳ ቦታዎች ላይ ተሰብስቦ የሚቆይ ውሃና በረዶም የዚያኑ ያህል አደገኛ ነው። ሌሊትና ቀን ማራገቢያ የሚጠይቅ ጣሪያ ለከተሞቻችን አልመክርም። ዛሬ በዓለምም ቢሆን ይህ አሠራር ለትልልቅ ስታዲየሞች እየቀረ፣ በካናዳ ቫንኩቨር እንደሆነው አንዳንዶቹ በገመድ በተወጠረ ጣሪያ ተተክተዋል።

ጥያቄ፦ በቢቸና የ8ኛ ክፍል ተማሪ ነኝ። በዓለም ትልቁ የስታዲየም ጉልላት የትኛው ነው? የሚከፈት ጣሪያስ አለው?

መልስ፦ ልጃችን፣ ደብዳቤሽ ደስ አሰኝቶናል። በስፋቱ የሚበልጠው ከላይ የተጠቀሰው የሲንጋፖር ብሔራዊ ስታዲየም ጉልላት ነው፤ 310 ሜትር ያህል ይሻገራል። የእግር ኳስ ሜዳ ርዝመት 105 ሜትር ስለሆነ፣ ሦስት ሜዳዎችን በቁመታቸው ብታሰልፊ ከጉልላቱ ስፋት በጥቂቱ ብቻ ይተርፋሉ። 55,000 ሰው ይይዛል፤ ጣሪያውም ከመካከሉ በሁለት ክንፍ ይከፈታል፣ ለመክፈት ወይም ለመዝጋት 25 ደቂቃ ያህል ይፈጅበታል። ሙሉ በሙሉ በሞተር የሚከፈትና የሚዘጋ ጣሪያ ቀድሞ የተሠራለት ስታዲየም ግን እ.ኤ.አ. በ1989 በካናዳ ቶሮንቶ የተከፈተው ነው።

ጥያቄ፦ የዳንግላ ነዋሪና ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ። በአሜሪካ ባለ ጉልላት ስታዲየሞች በሃያ ዓመታቸው ሲፈርሱ በዜና አያለሁ። የእኛ ገዳማት ለዘመናት ሲቆሙ እነዚህ በብረትና በኮንክሪት የተሠሩት ለምን አይበረክቱም?

መልስ፦ የተከበሩ መምህር፣ የፈረሱት ሁሉ በድካም የፈረሱ አይደሉም። በአትላንታ የነበረው ጆርጂያ ዶም በ1992 ተከፍቶ በ2017 በፈንጂ ሲፈርስ ጣሪያው ጤነኛ ነበር፤ ባለቤቶቹ በአጠገቡ የበለጠ ገቢ የሚያስገኝ አዲስ ስታዲየም ስለ ገነቡ ብቻ ተወገደ። የሲያትሉ ኪንግዶም ታሪክ ግን ከዚህ ይለያል። በ1976 የተከፈተውና 201 ሜትር የሚሰፋው የኮንክሪት ጉልላት ውሃ ያስገባ ነበር። ጣሪያውን ለመጠገን ሥራ ከተጀመረ በኋላ፣ በሐምሌ ወር 1994 በሮቹ ለተመልካች ሊከፈቱ ግማሽ ሰዓት ያህል ሲቀር፣ ከኮርኒሱ ከባድ ሰሌዳዎች ተላቅቀው በመቀመጫዎቹ ላይ ወደቁ። ስታዲየሙ ለወራት ተዘጋ፤ በጥገናው ላይም ሁለት ሠራተኞች በክሬን አደጋ ሕይወታቸውን አጡ። በ2000 በፈንጂ ከፈረሰ በኋላ የግንባታና የጥገና ዕዳው ተከፍሎ ያለቀው በ2015 ነው። ሕዝቡ ለሌለ ሕንፃ አሥራ አምስት ዓመት ከፈለ ማለት ነው፤ በከተማ አስተዳደር ኃላፊነት ላይ ያለ ሰው ሁሉ ይህን ቢያውቀው እወዳለሁ።

በሌላ በኩል በኒው ኦርሊንስ በ1975 የተከፈተው ሱፐርዶም፣ በ2005 በካትሪና አውሎ ነፋስ ጣሪያው ተገሽልጦ በሺዎች የሚቆጠሩ ተፈናቃዮች ከተጠለሉበት በኋላ፣ በአንድ ዓመት ገደማ ታድሶ እስከ ዛሬ ያገለግላል። አስትሮዶምም ባዶውን ቢሆን ቆሟል፤ በ2014 በአገሪቱ የታሪካዊ ቦታዎች መዝገብ ውስጥ ገብቷል። የገዳማቱን ጉዳይ በተመለከተ፣ እነርሱም የቆዩት ሳይነኩ ስለቀሩ አይመስለኝም። ክዳናቸው በየዘመኑ በሕዝቡ ጉልበትና ገንዘብ ይታደሳል፤ የበሰበሰ እንጨት ይለወጣል፤ ይህን የማድረግ ግዴታ የማን እንደሆነም ሁሉም ያውቃል። በዘመናዊ ስታዲየም ላይ ብዙ ጊዜ የሚጎድለው ይህ የመጨረሻው ነገር ነው።

ጥያቄ፦ በቡሬ ከተማ ስለ ወጣቶች ስፖርት የምንመክር ሰዎች ነን። ትልቅ ስታዲየም ከአቅማችን በላይ ነው። ትንሽ ባለ ጉልላት አዳራሽ ለቅርጫት ኳስ፣ ለመረብ ኳስና ለእጅ ኳስ ልንሠራ እንችላለን? ምን ላይ ብናተኩር ይሻላል?

መልስ፦ ከደረሱን ጥያቄዎች ሁሉ በጣም የተደሰትንበት ይህ ነው። ልኩን የጠበቀ ጉልላት ለከተሞቻችን በእርግጥ የሚጠቅመው በዚህ መልክ ይመስለናል፣ የቤት ውስጥ ስፖርቶቻችን ክረምት ሲገባ ሜዳቸውን ያጣሉና።

ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው ጣሊያናዊው መሐንዲስ ፒየር ሉዊጂ ኔርቪ በሮም ከተማ የሠራውና በ1957 የተጠናቀቀው ትንሹ የስፖርት ቤተ መንግሥት ነው። አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ማራቶንን ባሸነፈበት በ1960ው የሮም ኦሊምፒክ ውድድር ተካሂዶበታል። ጉልላቱ 60 ሜትር ያህል ይሰፋል። ኔርቪ ጉልላቱን በአንድ ጊዜ ከማፍሰስ ይልቅ 1,620 ትናንሽ የሲሚንቶ ክፍሎችን መሬት ላይ አስቀርጾ፣ ወደ ላይ አንሥቶ በመደርደር በመካከላቸው ፌሮ አስገብቶ ኮንክሪት አፈሰሰባቸው። ጣሪያው ዙሪያውን በ36 የባላ ቅርጽ ባላቸው ዘንበል ያሉ ምሶሶዎች ላይ ያርፋል፤ ምሶሶዎቹ ግፊቱን ተቀብለው ከመሬት በታች ወዳለ ትልቅ የመሠረት ቀለበት ያወርዱታል። በመሬት ላይ የሚቀረጽ ክፍል ጥራቱ አንድ በአንድ ሊመረመር ስለሚችል፣ ብዙ ሠራተኛና ጥቂት ማሽን ላለበት ከተማ ይህ ዘዴ ይስማማል። የኮንክሪቱ ሥራ ከባድ ከሆነባችሁ ግን በፋብሪካ ተቆርጠው በብሎን የሚታሰሩ የብረት ቧንቧዎች ያሉት ጉልላት ቀላልና ፈጣን ነው።

የእጅ ኳስ ሜዳ 40 በ20 ሜትር ሲሆን ከማዕዘን እስከ ማዕዘን 45 ሜትር ያህል ይሆናል። 60 ሜትር በሚሰፋ ክብ ውስጥ ስታስገቡት በማዕዘኖቹ በኩል 7 ሜትር፣ በጎኖቹ በኩል ደግሞ ከዚያ እጅግ የሚበልጥ የመቀመጫ ቦታ ይተርፋችኋል። የቅርጫት ኳስና የመረብ ኳስ ሜዳዎች በዚሁ ወለል ላይ በልዩ ልዩ ቀለም ሊሰመሩ ይችላሉ። የመረብ ኳስ ሕግ ከሜዳው በላይ ቢያንስ 7 ሜትር ክፍት ከፍታ ስለሚጠይቅ፣ መብራቶቹ የሚንጠለጠሉት ከዚያ በላይ መሆኑን ከወዲሁ አስቡ።

ድምፅ ብዙ ሰው የሚረሳው ጉዳይ ነው። ጉልላት በባሕርዩ ድምፅን ወደ መካከል ይሰበስባል፤ ለስላሳና ድምፅ የሚመጥ ሽፋን ከውስጥ ካልተደረገለት የአሠልጣኙ ቃል በማስተጋባት ይጠፋል። ክዳኑ ቆርቆሮ ብቻ ከሆነ ደግሞ በሐምሌ ዝናብ የዳኛውን ፊሽካ የሚሰማ አይኖርም፤ ከቆርቆሮው ሥር ወፍራም ሽፋን መኖሩ ለሙቀትም ለድምፅም ይረዳል።

ዝናቡን ጠላት አታድርጉት። 60 ሜትር የሚሰፋ ክብ ጣሪያ 2,800 ካሬ ሜትር ያህል ይሸፍናል፤ 40 ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ጊዜ ቢጥልበት 112,000 ሊትር ውሃ ይወርዳል። ይህ ሁሉ ውሃ ዙሪያውን በመሠረቱ አጠገብ ከፈሰሰ አፈሩን ይሸረሽራል፤ በሰፊ አሸንዳ ተሰብስቦ ወደ ገንዳ ከተወሰደ ግን ለመጸዳጃ ቤትና ለጽዳት ለረጅም ጊዜ ያገለግላል። አሸንዳው ቅጠል ሲሞላው ሰው በቀላሉ ወጥቶ የሚጠርግበት መሰላልና መራመጃ በንድፉ ውስጥ ይግባ፤ የሚጠርገው ሠራተኛ ደመወዝም በከተማው በጀት ውስጥ።

ከሁሉ አስቀድሞ ግን የአፈር ምርመራ አስደርጉ። ቀለበት ላይ የቆመ ጉልላት አንዱ ወገን ሰጥሞ ሌላው ሲቀር አይታገሥም። በቢቸናና በአካባቢው የሚገኘው ጥቁር ዋልካ ክረምት ሲጠጣ ያብጣል፣ በጋ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ በእንዲህ ያለ መሬት ላይ መሠረቱ ዋልካውን አልፎ ወደ ጠንካራው ንጣፍ መውረድ ወይም አፈሩ ተቆፍሮ በሌላ መተካት ይኖርበታል። በእናንተ በኩል ቀዩ አፈር የተሻለ ቢሆንም፣ ወደ ወንዝ በተጠጋና ረግረግ በሆነ ቦታ ሁኔታው ሊለወጥ ይችላል። ንድፍ አውጪ ከመቅጠራችሁ በፊት በቦታው በተለያዩ ማዕዘኖችና በመካከሉ ጉድጓድ አስቆፍራችሁ ናሙናው በአፈር ላቦራቶሪ ይመርመር። ለዚህ የሚወጣው ገንዘብ ከጠቅላላው ወጪ ጥቂቱ ነው፤ የሕንፃው ቦታ እንኳ በዚህ ውጤት ሊቀየር ስለሚችል፣ የመሠረት ድንጋይ የሚቀመጥበትን ቀን ከምርመራው በፊት አትቁረጡ።